ብርድ ጠጋኙ

ሃርሊንገን ወደብ ዳር፣ ከባሕሩ ግንብ ሥር፣
በአንድ ጡብ ግድግዳ ተለያይተን ስንኖር፣
ዊበን የማውቀው በመዶሻው ነበር።
ኳ! ኳ! ኳ! ከዚያ ጸጥ። ቀጥሎ አንድ እርግማን፤
ጣቱን በመታ ቁጥር ይጠራል ሰይጣን።

ሥራው ፍሪጅ መጠገን፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣
ለሰው ቅቤ፣ ለሰው ሥጋ፣ ለሰው ወተት ሁሉ፣
ብርድ ሲያበጅ ኖሮ በየሰዉ ማዕድ ቤት፣
ሃምሳ ሁለት ሲሞላው፣ በአንድ የኅዳር ሌሊት፣
«የራሴንስ ብርድ መቼ ነው የማየው?»
ብሎ ተነሣና ጋራዡን ዘጋው።

ሚስቱ ሹክዬ ሰምታ መጀመሪያ ሳቀች፤
ሰንብታ መኪናዋን ከደጅ አሳደረች፤
ከገና ማግስት ደግሞ ከሳሎን አወረደች
ብርቱካን አበባ ያለበት መጋረጃዋን፤
«ይኸው፣ ለሸራ» አለች፤ አልጠየቃትም ለምን።

«ፍሪጅ እኮ ሌባ ነው፤ ከሆዱ ሙቀት ሰርቆ በጀርባው ይተፋል፤
እንደ ኮት ገልብጦ የለበሰው ሰው ግን ከውስጥ ይሞቃል!»
ይህን ሲያስረዳኝ፣ ከአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣
በእርሳስ ሥሎ፣ በጣቱ ደምስሶ፣ ደግሞ ሥሎ፣
እኔ የደሴቶቹን ጀልባ ትኬት ቆራጭ፣
ሃያ ዓመት ለሌላው መንገድ ሸጬ ተቀማጭ፣
አልገባኝም ነበር። ራሴን ነቀነቅሁ፤
ስለ ቧንቧው ሳይሆን ዓይኑን ስላየሁ።

ልብሱን የሞከረው በዓሣ መጋዘን፤
ሲቀነስ ሃያ አምስት፤ ከግራና ከቀኝ ዓሣ በሣጥን።
ዘበኛው ቆለፈበት፤ እዚያው አደረ፤
በሩ ሲከፈት ጢሙ ዱቄት መስሎ እየሳቀ ነበረ።
«ጉልበቴን አቃጠለኝ፤ ጆሮዬን ግን በረዶ በላው፤
የቀረኝ ቧንቧውን ከጉልበት ወደ ጆሮ መውሰድ ነው!»

ሸርተቴውንስ የት? በረዶ የለም፤
ቦዩ ከረጋ ቆየ፤ እንግዲህም አይረጋም።
ባሕሩ ሲሸሽ ጠብቆ ሰፊው ጭቃ ላይ ወጣ፣
በብስክሌት ጎማ፣ በአበባ ሸራ፣ ነፋስ እስኪመጣ።
መጣ። ሄደ ዊበ። እንዴት አድርጎ ሄደ!
ከግንቡ ላይ ቆሜ ልቤ አብሮት ነጎደ።
ከዚያ ጎማው ሰመጠ፤ ውሃው ተመለሰ፤
ማንንም የማይጠብቅ ባሕር ወገቡ ላይ ደረሰ።
ሽሪምፕ አጥማጆች ናቸው ጎትተው ያወጡት፤
«የዋልታው ንጉሥ!» እያሉ እስከ ወደቡ የሸኙት።

ሁለት ሳምንት ሙሉ መዶሻው አልጮኸም።
ዝምታው እንቅልፍ ነሣኝ፤ ይህን አልነገርኩትም።
በሦስተኛው፣ ማክሰኞ ማታ፣
ኳ!

በመጋቢት ሄደ። ሸርተቴውን ፈታቶ በስድስት ሻንጣ፣
አንዱን ሹክዬ ይዛለት እስከ ጣቢያ መጣች፤ ሌላ ቃል አልወጣ።
ወደ ስቫልባርድ፤ ዋልታው እንኳ አይደለም፤ የዋልታው ደጃፍ፤
ሱቅና ፖስታ ቤት ያለበት፤ ጀብዱ አይባልም ለመጽሐፍ።

በዘጠነኛው ቀን የእኔ ፍሪጅ ሞተ።
ቅቤው ቀለጠ፤ ወተቱ ሸተተ።
ደወልኩለት፤ አፈርኩ፤ «እንዴት ነህ?» አላልኩም፤
ነፋሱ ነው የመለሰልኝ፤ መጀመሪያ ሌላ አልሰማሁም።
ቧንቧው በፊተኛው ማታ እንደ ተሰነጠቀ አወራኝ፤
ጆሮውን የሹክዬ መጋረጃ እንዳሞቀው ነገረኝ።
ሳቀ። ወዲያው ድምፁ ዝቅ ብሎ እንደ ሐኪም ሆነ፦
«ከግድግዳው አውጪው። ጀርባው ላይ ጆሮሽን ለጥፊ። ጮኸ ወይስ ታፈነ?»
ተንበርክኬ ሰማሁ። አንዲት ትንሽ ጠቅታ።
«በቡጢ ምቺው» አለ፤ «ከታች፣ በስተግራ፤ ግን በእርጋታ።»

ኳ።

ተንቀጠቀጠ፣ ሳለ፣ ማጉረምረም ጀመረ።
ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠግቼ ያዝኩት፤
ከበረዶው ማዶ፣ ነፋሱ ውስጥ፦ «ሰማሁት» አለ፣ «ሰማሁት።»